ጳጉሜን የማያውቀው መዝገብ

በአንድ ወቅት፣ በአንዲት የወይና ደጋ ከተማ የመሬት ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ አቶ ዘለቀ የሚባሉ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት መዝገቡን በጭንቅላታቸው ይዘው ኖረው ጡረታ ሊወጡ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው አለቃቸው፣ «የሚተካዎትን ሰው ስም ጽፈው ይስጡኝ፤ አንድ ስም ብቻ» አላቸው። በክፍሉ ግን ሦስት ሠራተኞች ነበሩ፤ ሦስቱም ወንበሩን ይፈልጉታል።

ጥሩወርቅ ሁለት ዓመት ሙሉ ዐሥራ አንድ ሺህ ወረቀት ከአቧራ እያወጣች ስካን አድርጋለች። ከእያንዳንዱ ጋር ወረቀቱ የተጻፈበትን ቀን ሞልታለች። የአቧራው ሳል እስካሁን አልለቀቃትም። የፋይሎቹ ስም ግን «ስካን አንድ»፣ «ስካን ሁለት» እያለ የሚቀጥል ስለነበር አንዱን መፈለግ ከጤፍ ውስጥ አሸዋ እንደ መልቀም ነበር።

አለልኝ ይህን አይቶ ሦስት ቀን በሩን ዘግቶ ፕሮግራም ጻፈ። ፕሮግራሙ ጥሩወርቅ የሞላችውን ቀን እያነበበ በየፋይሉ ስም ፊት ይለጥፋል፤ መጀመሪያ ዓመቱን፣ ቀጥሎ ወሩን፣ ከዚያ ዕለቱን። ከምሳ በፊት አስጀመረው። ከምሳ ሲመለሱ ዐሥራ አንዱም ሺህ በየዕድሜያቸው ተሰልፈው ጠበቋቸው።

ማንያዘዋል በረንዳ ላይ ከባለጉዳዮች ጋር ሻይ ይጠጣል።

ሐሙስ ዕለት እማማ ዘርፌ መጡ። የቤታቸውን የይዞታ ወረቀት ነገ ለችሎት ካላቀረቡ ቤቱን የሟች ባላቸው ወንድም ይወስደዋል። የእሳቸውን ቅጂ አይጥ በልቶታል። «በሰማንያ ስድስት ነው የሰጡኝ» አሉ እንጂ ቀኑን አያስታውሱም። አለልኝ የሰማንያ ስድስትን ፋይሎች አንድ በአንድ ከፈተ። የለም። አቶ ዘለቀም ሊያስታውሱት አልቻሉም።

«በእጄ ነክቼዋለሁ! ውሃ የነካው ወረቀት ነው» ብላ ጥሩወርቅ ማለች።

ማንያዘዋል ይህን ሰምቶ ገባ። «እማማ፣ ያን ቀን ዝናብ ነበር እንዴ?»

«እንዴታ! ሩፋኤል አይደል? ልጆቹ በዝናቡ ሲጠመቁ እኔም በስብሼ መጣሁ። ልፈርም ጎንበስ ስል ከነጠላዬ ውሃው ተንጠባጠበበት።»

«ሩፋኤል ጳጉሜ ሦስት ነው። አለልኝ፣ ማሽንህ ዐሥራ ሦስተኛ ወር ያውቃል?»

አለልኝ ፕሮግራሙን ከፍቶ አየ። ፕሮግራሙ ለዓመት የሚያውቀው ዐሥራ ሁለት ወር ብቻ ነበርና፣ ዐሥራ ሦስተኛውን ሲያገኝ የሚቀጥለው ዓመት አንደኛ ወር አድርጎ አሳልፎታል። መስከረም ሦስት፣ ሰማንያ ሰባትን ከፈቱ። ወረቀቱ ከነውሃ ምልክቱ እዚያ ነበር።

«እኔ ባላስገባው ኖሮ ምን ልትፈልጉ ነበር?» አለች ጥሩወርቅ።

«በአንዱ ወር ብሳሳትም ዐሥራ ሁለቱን ያሰለፍኩ እኔ ነኝ። ስሕተቱንም አሁኑኑ አርመዋለሁ» አለ አለልኝ።

«እኔማ የጠየቅሁት ሁለት ጥያቄ ነው» አለ ማንያዘዋል።

«ሁለት ዓመት ሻይ ጠጥተህ!» አለችው ጥሩወርቅ።

«ባለጉዳይ የሚያወራው ሻይ ላይ ነዋ፣ እቴ።»

አቶ ዘለቀ ወደ እማማ ዘርፌ ዞሩ። «እርስዎ ቢሆኑ ወንበሩን ለማን ይሰጡታል?»

እማማ የታተመላቸውን ወረቀት አጣጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ሸጎጡ። «ልጄ፣ እኔ ቤቴን አግኝቻለሁ፤ በወንበሩ አንተው ተጨነቅበት» ብለው ሦስቱንም መርቀው ወጡ።

አቶ ዘለቀ እስክሪብቷቸውን አነሱ። ጥሩወርቅን ሳል ያዛት፤ ቀና አሉ። አለልኝ ማሽኑን አጠፋ፤ ቀና አሉ። ማንያዘዋል ሻይ አቀረበላቸው። ቅጹ ላይ ያለው መስመር አንድ ብቻ ነው።

እናንተ በአቶ ዘለቀ ቦታ ብትሆኑ የማንን ስም ትጽፉ ነበር? የሰበሰበችውን፣ ያሰለፈውን ወይስ የጠየቀውን?