እንቁራሪቷ በማን ስም ትጠራ?

በአንድ ወቅት፣ ከባሌ ደኖች በአንዱ፣ እንቁራሪት ሲያጠኑ የኖሩ ሦስት ባልንጀሮች ነበሩ። ለአምደወርቅ ጆሮ፣ ለነገሪ እጅ፣ ለሰብለወንጌል ደግሞ ዓይን ተሰጥቷቸው ነበር። የአምደወርቅ ሚስት ውድነሽ ሦስቱንም አሳምራ ታውቃቸዋለች፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ጭቃ የጠጣ ቦት ጫማቸውን የሚያወልቁት እሷ በረንዳ ላይ ነበርና።

በዚያ ደን ውስጥ፣ ከአንድ ፏፏቴ ሥር፣ ትንሽ ቡናማ እንቁራሪት ትኖራለች። መጻሕፍቱ ሁሉ አንድ ዝርያ ናት ይላሉ። አምደወርቅ ግን አንድ ዝናባማ ቀን ቆሞ አዳመጠና «ሁለት ናቸው» አለ። «የአንዷ ወንድ እንደሚጋጭ ጠጠር ቀጭ ቀጭ ይላል፤ የሌላዋ ያፏጫል።»

ነገሪ ሳቀበት። «አምዴ፣ ያፏጨው የራስህ አፍንጫ እንዳይሆን! ጉንፋን ይዞሃል።»

አምደወርቅ አልተቀየመም። ክረምት በክረምት መቅረጫውን በላስቲክ ጠቅልሎ እየወረደ፣ ከፏፏቴው ጩኸት መሐል ያንን ፉጨት ለቅሞ አወጣው። የሚያፏጨውን ግን አንድም ቀን በእጁ ሳይዘው ልቡን ታመመና ሞተ።

ከቀብሩ በኋላ ነገሪ የተቀረጸውን አዳመጠ፤ ሳቁ ቆጨው። ፉጨቱንና ቀጭታውን ተከትሎ ከሁለቱም ሥፍራ እንቁላል ለቀመና ወደ ከተማ ወሰደ። ውሃው ሲጎድል ከቧንቧ ቢጨምርበት፣ ክሎሪኑ የተፈለፈሉትን እምቦጭላሌዎች በሙሉ ፈጃቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ይተወው ነበር። እሱ ግን በሚቀጥለው ክረምት ድንኳኑን ወንዙ ዳር ተከለ፤ በዚያው ወንዝ ውሃ፣ ከእንቁላል አንስቶ እግር እስኪያወጡ ድረስ አሳደጋቸው። ቀጭ ቀጭ የሚሉት ልጆች ረጋ ያለ ውሃ ውስጥ የሚዋኙ ተራ እምቦጭላሌዎች ሆኑ። የሚያፏጩት ልጆች ግን ሰፊ አፋቸውን ድንጋይ ላይ ለጥፈው፣ ውሃው እየገረፋቸው ንቅንቅ አይሉም። ሲያድጉ ሁለቱም ያው ቡናማ እንቁራሪት ናቸው።

ሰብለወንጌል የሙዚየም ሰው ናት። አንድ ዝርያ ናት ብላ የጻፈችው እሷው ራሷ ነበረች፤ በሙያው የተከበረችውም በዚያ ጽሑፍ ነው። የነገሪን እምቦጭላሌዎች በማይክሮስኮፕ ስታይ የሁለቱ የጥርስ ረድፍ እርስ በርስ አልገጥም አላት። አልኮል ውስጥ የተቀመጡትን የድሮ እንቁራሪቶች ከየጠርሙሱ አወጣች፤ ጣታቸውን፣ የጆሮ ታምቡራቸውን እየለካች ሁለት ቦታ ለየቻቸው። ከዚያም በባለሙያዎች ጉባኤ ፊት ቆማ «ተሳስቼ ነበር፤ ሁለት ናቸው» አለች።

ለአዲሲቱ ዝርያ ስም ማውጣት ቀረ። በሙያቸው ዘንድ ያገኙትን ዝርያ በራስ ስም መጥራት ነውር ነው፤ የሌላውን ስም መስጠት ግን ወግ ነው። ነገሪና ሰብለወንጌል ተያይዘው ውድነሽ ቤት መጡ።

«እትዬ፣ በአምዴ ስም ልንጠራት ነው» አላት ነገሪ።

ውድነሽ በደስታ ከመቀመጫዋ ተነሣች። የባሏ ስም እንቁራሪት እስካለ ድረስ ሊጠራ ነው! ወዲያው ግን አንድ ነገር ከነከናት።

«ባይሞት ኖሮስ፣ ትሰጡት ነበር?»

ነገሪ ዞሮ ሰብለወንጌልን አያት።

«ለማጽናኛ ከሆነ ይቅርብኝ» አለች ውድነሽ። «የሚገባው ከሆነ ግን አፍ አውጥታችሁ ንገሩኝ።»

«እውነቱን ካልሽ፣» አለች ሰብለወንጌል፣ «ለኔ ቢሆን የነገሪን ስም ነው የምሰጣት። ፉጨት ሰማን ብንል ማን ያምነናል? ያመኑን እምቦጭላሌዎቹን ሲያዩ ነው።»

«ተይ እንጂ!» አለ ነገሪ። «እኔ እንኳ አንቺን ነው የምለው። እትዬ፣ የገዛ ሥራውን በአደባባይ ያፈረሰ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? እሷ ዝም ብትል ኖሮ ነገሩ እዚያው ተዳፍኖ ይቀር ነበር።»

«እሱ ባይሰማ ኖሮ ግን ማናችሁም አትፈልጓትም» አለች ውድነሽ።

«ይኸውልሽ» አለች ሰብለወንጌል። «እኛስ አልሆነልንም፤ አንቺው ቁረጪልን።»

ውድነሽ ሦስቱንም ትወዳቸዋለች። ለባሏ ብትፈርድ ኀዘኗ ነው ይባላል። ባትፈርድለት ደግሞ፣ እንደ ሁለቱ ተነሥቶ ሊሟገት የማይችለው እሱ ብቻ ነው። ይህን እያወጣች እያወረደች እስከ ዛሬ አልቆረጠችም፤ እንቁራሪቷም ስም የላትም።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ማንም ሳያምነው ድምፅዋን የለየው፣ ከእንቁላል ጀምሮ ያሳደጋት፣ ወይስ የራሷን ቃል አፍርሳ ያስመሰከረችላት፦ ስሙ የሚገባው ለማን ነው?