ሥራ አስኪያጁ የሳሉት ፈረስ

የአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ አስኪያጅ አቶ መክብብ በታብሌት ሥዕል መሳል ጀመሩ። አንድ የሚጋልብ ፈረስ ሳሉና በሠራተኞቹ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፉት። «ያለ ይሉኝታ አስተያየታችሁን ስጡኝ» ብለውም ጻፉ።

ሠራተኛው ሁሉ «ድንቅ ነው!» እያለ ተንጫጫ። የስልክ ኦፕሬተሯ ወይዘሮ እልፍነሽ ብቻ «አንገቱ ያምራል፤ የፊት እግሮቹ ግን አጥረው ሊደፋ ነው። ትንሽ ቢረዝሙለት ይሮጣል» ብለው ጻፉ።

አቶ መክብብ በገኑ። በማግስቱ በተደረገው ስብሰባ ላይ ሥዕሉን በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አሳዩና ወይዘሮ እልፍነሽን አስነሷቸው።

«ይህ ሁሉ ሰው ድንቅ ነው ሲል እርስዎ ብቻ እንከን አገኙ። እንግዲህ ወይ ባልደረቦችዎ ዋሽተዋል፣ ወይ እርስዎ ዋሽተዋል። እዚሁ በሁሉም ፊት ይንገሩን፤ ውሸታሙ ማነው?»

ባልደረቦቻቸው ሁሉ አቀረቀሩ። ወይዘሮ እልፍነሽ መነጽራቸውን አድርገው ሥዕሉን ደግመው አዩት።

«ኧረ ማንም አልዋሸም ጌታዬ» አሉ። «እነሱ ድንቅ ነው ያሉት ሠዓሊውን አይተው ነው፤ እድገታቸውን የሚፈርሙላቸው እርስዎ ነዎት እኮ። እኔ ግን በሚመጣው ወር ጡረታ ስለምወጣ፣ ፈረሱን ለማየት ጊዜ አገኘሁ።»