የኢክራም ፖስታ

በአንድ ወቅት፣ ሩቅ እንዳይመስላችሁ አምና ነው፣ ኢክራም ይማም የምትባል ጎበዝ ተማሪ ነበረችን። እኔ የትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ሰላሳ ዓመት ማኅተም ስመታ ክንዴ አልቋል፤ እንዲህ ያለ ጣጣ ግን ገጥሞኝ አያውቅም።

አንድ የነርስ ኮሌጅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሳይወጣ ቀድሞ ይቀበላል። ግን ዋናውን የትምህርት ማስረጃ አስረክቡ ይላል። ያስረከበ ሰው ውጤቱ ሰማይ ቢነካ ሌላ ቦታ መግባት አይችልም። ኢክራም ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ሐኪም እሆናለሁ ባይ ናት።

አባቷ ጋሽ ይማም "ትግባ" አሉ። ታላቋን ዘሀራን ያኔ ውጤትሽን ጠብቂ ብለዋት በሁለት ነጥብ ወደቀች፤ አረብ አገር ሄዳ ጤናዋን አጥታ ተመለሰች። "እህቴ፣ ሁለተኛ ልጅ አልገብርም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ዘሀራ "አትግባ" አለች። "እኔ ስለወደቅኩ እሷም ትወድቃለች? በኔ ሰበብ ሕልሟን ብትተው በምን ዓይኔ አያታለሁ?" ብላ አባቷ የፈረሙበትን የኮሌጁን ቅጽ እፊቴ ቀዳደደችው። ወይ ጉድ! የእሷም እውነት ነው።

በሁለቱ መሀል ሦስት ቀን እንቅልፍ ያጣችው ኢክራም፣ የኮሌጁ ምዝገባ በሚዘጋበት ቀን ጠዋት መጣች። ሌላ ቅጽ ራሷ ሞልታ ፈረመች፤ ከማስረጃዋ ጋር በፖስታ አሽጋ ሰጠችኝ።

"እትዬ በላይነሽ፣ ቤት ሄጄ ላስብበት። ሐሳቤን ከቀየርኩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጥቼ እወስደዋለሁ። ካልመጣሁ ይላኩት።"

"አሁኑኑ ለምን አትወስኚም ልጄ?"

"ደክሞኛል" አለች።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ ኢክራም የለችም። ማስረጃ ሊሰበስብ የመጣው የኮሌጁ መልእክተኛ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ዘሀራ እያለከለከች ገባች።

"ተኝታለች! ልቀሰቅሳት ስል አባዬ በር ላይ ቆሞ አላስገባ አለኝ። በአላህ፣ አይላኩት!"

ወዲያው ጋሽ ይማም ደወሉ። "ልጄ ከስንት ቀን በኋላ ነው የተኛችው። ማን ጨክኖ ይቀሰቅሳታል? ደግሞ ካልመጣሁ ላኩት ያለችው ራሷ ናት።"

አንዳቸውም አልዋሹም። ይሄ ነው እኔን የገደለኝ። መልእክተኛው "እናቴ፣ ልሄድ ነው" አለና እጁን ዘረጋ። ዘሀራም እጇን ዘረጋች።

ያደረግኩትን አልነግራችሁም፤ ስከራከርበት ከርሜ ሰልችቶኛል። እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ ልጅቷ እንደተኛች ነው፣ ፖስታው እጃችሁ ላይ ነው። ለማን ትሰጡታላችሁ?