የደምሰው የኬብል ፈቃድ እንዴት ታደሰ

ተረት ልንገራችሁ፤ ቀበሮም ዝንጀሮም የለበትም፣ ሹማምንት ብቻ ናቸው ያሉበት። ዋርካ በር በምትባል ከተማ ደምሰው የሚባል ሰው ነበረ። አሥራ ሁለት ዓመት መሰላል በትከሻው ተሸክሞ፣ ከምሰሶ ምሰሶ እየወጣ፣ ለሦስት መቶ ቤት የኬብል ቴሌቪዥን የዘረጋ ሰው ነው። የፈለገው አንዲት ነገር ብቻ ነበር፤ ዓርብ የሚያበቃው ፈቃዱ እንዲታደስለት። ካልታደሰ ሽቦው ተበጥሶ ምሰሶው ይነቀላል፤ ደምሰው ደግሞ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለውም።

ወደ ብሮድካስት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ሄደ። ፈቃድ አዳሹ ፋይሉን ገለጥ ገለጥ አደረገና ያለ ምርመራ አላድስም አለው። ፈቃድ አዳሹ አያድስ፣ ደምሰው ወረቀቱን አያገኝ።

ወደ መርማሪው ሄደ። የደምሰው ማሰራጫ ቤት ከመሥሪያ ቤቱ ፊት ለፊት ነው፤ አስፋልቱን መሻገር ብቻ ነው የሚጠይቀው። መርማሪው ግን ምርመራ የመስክ ሥራ ነው፣ የመስክ ሥራ ደግሞ በመኪና ነው፣ በእግሬ ብሄድ መሥሪያ ቤቱን ማዋረድ ይሆናል አለ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሁለት እግር ያለው ሰው ነው! መርማሪው አይመረምር፣ ፈቃድ አዳሹ አያድስ፣ ደምሰው ወረቀቱን አያገኝ።

ወደ ሹፌሩ ሄደ። ሹፌሩ መኪናውን ጥላ ሥር አቁሞ ጋቢና ውስጥ ተጋድሟል። የስምሪት ወረቀቱ ማኅተም የለውም፣ ማኅተም ከሌለው ዘበኛው ከግቢ አያስወጣኝም አለና ፊቱን በባርኔጣው ከደነ። ሹፌሩ አይነዳ፣ መርማሪው አይመረምር፣ ፈቃድ አዳሹ አያድስ፣ ደምሰው ወረቀቱን አያገኝ።

ወደ ማኅተም ያዧ ሄደ። ማኅተሙ መሳቢያዋ ውስጥ፣ ቁልፉ አንገቷ ላይ፣ ዳንቴሏ እጇ ላይ ነው። ቀና እንኳ ሳትል፣ ኃላፊው ካልፈረሙ አላትምም አለች። ማኅተም ያዧ አታትም፣ ሹፌሩ አይነዳ፣ መርማሪው አይመረምር፣ ፈቃድ አዳሹ አያድስ፣ ደምሰው ወረቀቱን አያገኝ።

ወደ ኃላፊው ወደ አቶ ቦጋለ ሄደ። ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። ስለ ምን ቢል፣ ባለጉዳይን ሳያጉላሉ ስለ ማስተናገድ ነው አሉት፤ አሥረኛ ቀኑን ይዟል። ወይ ጉድ! በር ላይ ቆሞ አቤት ቢል አቶ ቦጋለ እንደ ዝንብ በእጃቸው አባረሩት። እንግዲህ ኃላፊው አይፈርሙ፣ ማኅተም ያዧ አታትም፣ ሹፌሩ አይነዳ፣ መርማሪው አይመረምር፣ ፈቃድ አዳሹ አያድስ፣ ደምሰው ወረቀቱን አያገኝ።

እንዲህ ደጅ ሲጠና ዓርብ ደረሰ። ፈቃድ አዳሹ ጠራውና ጉሮሮውን ጠረገ።

«አቶ ደምሰው፣ ከአሁን ወዲያ ያለ ፈቃድ አንዲት ደቂቃ ቢያሰራጩ ሕግ መጣስ ነው።»

በዋርካ በር እንዲህ ማለት ልማድ ነው፤ የሚናገረውም የሚሰማው አለ ብሎ አይናገርም። ደምሰው ግን መሮታል፤ ሰማ። እሺ ጌታዬ፣ ሕግ ይከበር አለ፣ አስፋልቱን ተሻገረ፣ የማሰራጫ ማሽኑን አጠፋ።

ሦስት መቶ ቤት ጭር አለ። አንዱ የአቶ ቦጋለ ቤት ነው። እዚያ ደግሞ አማታቸው እማማ ስኂን ተቀምጠዋል፤ ተከታታይ ድራማቸው ላይ ሁለት ወር የጠበቁት ሰርግ ደርሶ፣ ሙሽራዋ ከመኪና ልትወርድ ስትል ድርግም አለባቸው። ነጠላቸውን አጣፉ፣ መኪና ሳይጠይቁ በእግራቸው መጡ፣ ስብሰባው መሀል ገቡ። አቶ ቦጋለ ብድግ አሉ። እኒህ አሥር ቀን ሕዝብ ያስጠበቁ ጀግና አማታቸው ፊት አንገታቸውን ደፉ።

«አቶ ቦጋለ» አሉ እማማ ስኂን፣ «ቴሌቪዥኑ ዛሬውኑ ካልተመለሰ እኔ ነገ አገሬ እገባለሁ። ልጄም አብራኝ ትሄዳለች።»

ከዚያማ ምን ይጠየቃል! እማማ ስኂን ተቆጡ፣ ኃላፊው ፈረሙ፣ ማኅተም ያዧ ዳንቴሏን ጥላ አተመች፣ ሹፌሩ ነዳ፤ መቼም መኪና ተነሥቶ አስፋልት ብቻ ተሻግሮ አይቆምምና አደባባዩን አንዴ ዞሮ ፊት ለፊት አቆመ። መርማሪው ሳይወርድ መስኮቱን ዝቅ አደረገ፣ ጣሪያው ላይ ያለውን የዲሽ ሳህን አየና «የሥዕል ጥራት፦ እጅግ በጣም ጥሩ» ብሎ ጻፈ። ደምሰው ማሽኑ ጠፍቷል እኮ ቢለው፣ ቅጹ ላይ ጠፍቷል የሚል ቦታ የለም አለው። መርማሪው መረመረ፣ ፈቃድ አዳሹ አደሰ፣ ደምሰው ወረቀቱን አገኘ።

ወረቀቱን ይዞ ተሻገረ፣ ማሽኑን አበራ። ከዚያ ተቀምጦ አንዴ አነበበው፣ ደገመው፣ ሳቁ ሳይሆን ንዴቱ መጣበት።

«አሥራ ሁለት ዓመት ሳበራ አንድ ቀን ጎሽ ያላለኝ መሥሪያ ቤት» አለ፣ «ሳጠፋ እጅግ በጣም ጥሩ አለኝ።»

እኔ ነገርኳችሁ፤ እናንተ ደግሞ የማንንም ፊርማ ሳትጠብቁ ለሌላ ንገሩ።