በመዝገቡ ያልተገኘ ቃል

አንድ ንጉሥ ሕዝቡን በሁለት ቃል ከፈለው። አንደኛው ቃል «ባተሌ»፣ ሁለተኛው «ቦዘኔ» ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ ሲሯሯጥ የሚውለው ባተሌ ተባለ፤ እጁን አጣጥፎ የተገኘው ደግሞ ቦዘኔ። ድሮ በሁለቱ መካከል ብዙ ቃላት ነበሩ። ሰው «አረፍ ብያለሁ»፣ «ትንሽ ልተንፍስ»፣ «ፋታ ላይ ነኝ» ይል ነበር። ንጉሡ ግን መካከለኛ ነገር አይወድም፤ እነዚህ ሁሉ የሰነፍ መደበቂያ ናቸው ብሎ በአዋጅ ከለከላቸው። የሥራ ሹም የሚባል ባለሥልጣን ሾሞም በየሳምንቱ በየደጁ እየዞረ ሰዉን እንዲመዘግብ አዘዘ። ሦስት ጊዜ ቦዘኔ ተብሎ የተጻፈ ሰው የሚሠራበትን ቦታ ይነጠቃል።

አገሩ በአንድ ወር ተለወጠ፤ ተሻሻለ እንዳትሉ ብቻ። ገበሬው አርሶ የጨረሰውን ማሳ መልሶ ያርሳል። ገበያተኛው ባዶ ቅርጫት ተሸክሞ ይሮጣል። አንድ ሽማግሌ የግቢያቸውን ድንጋይ ጠዋት ከአጥሩ ወደ ደጁ፣ ከሰዓት ደግሞ ከደጁ ወደ አጥሩ ያመላልሱ ነበር አሉ። መንገድ ላይ የተገናኙ ሰዎች ቆመው ሰላምታ መለዋወጥ ተዉ፤ አንዱ «እንደምን ዋልህ» ብሎ መልሱን ሳይሰማ ያልፋል። ሥራው ግን ከድሮው ቅንጣት አልጨመረም። የጨመረው ላቡና ንትርኩ ነው።

በከተማው ዳር፣ ከአንድ ቀይ ተዳፋት ሥር፣ ደብሪቱ የምትባል ሸክላ ሠሪ ትኖር ነበር። የከተማው ሰው ውኃ የሚቀዳበት እንስራ ሁሉ ከእጇ የወጣ ነው። አፈሩን ከተዳፋቱ እናቷም አያቷም ቆፍረዋል፤ ከዚያች ቁራሽ መሬት ሌላ ደብሪቱ በዚህ ዓለም ላይ የእኔ የምትለው ነገር አልነበራትም። ሥራዋን ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። አፈሩን ትነፋለች፣ ታቦካለች፣ እንስራውን ታበጃለች፤ ከዚያ ጥላ ውስጥ ታኖረውና በርጩማዋ ላይ ትቀመጣለች። አልፎ አልፎ በጣቷ ጀርባ ትነካዋለች። ጭቃው ገና ከሆነ ማለስለሻው ጠጠር ይቦጭቀዋል፤ ካለፈበት ደግሞ ጠጠሩን አይቀበልም። እርጥብ እንዳለ እሳት ውስጥ ከገባ ይፈነዳል። ስለዚህ ትጠብቃለች፤ የምትጠብቀውም ዐይኗንም ልቧንም እዚያው አድርጋ ነው።

የሥራ ሹሙ መጀመሪያ የመጣ ቀን ያገኛት እንደዚህ ተቀምጣ ነው። ምን እየሠራሽ ነው ቢላት እንስራዎቹ እስኪጠነክሩ እየጠበቅሁ ነው አለችው። መጠበቅ ሥራ አይደለም ብሎ ቦዘኔ የሚለውን ቃል ከስሟ አጠገብ ጻፈና ሄደ። ደብሪቱ ፈራች፤ ተዳፋቱን አሰበችና እንቅልፍ አጣች። በሁለተኛው ሳምንት ሹሙ በሚመጣበት ቀን ተቀምጣ ላለመገኘት ስትል እስከዚያ ቀን አድርጋው የማታውቀውን አደረገች። ያልደረቁትን እንስራዎች ሰብስባ እሳት ለኮሰችባቸው፤ እንጨት እያመላለሰች ስትሯሯጥ አረፈደች። ከአሥራ ሁለቱ እንስራ ዘጠኙ እሳት ውስጥ ፈነዱ። ደብሪቱ ከስብርባሪው አጠገብ ዘጭ አለች። ሹሙ የደረሰው ይሄኔ ነው። ተቀምጣ አያትና ሁለተኛውን ቦዘኔ ጻፈ።

ያን ቀን ደብሪቱ አለቀሰች። ያስለቀሳት ግን የሹሙ ጽሑፍ አልነበረም። እናቷ ያስተማረቻትን፣ እጇ ጠንቅቆ የሚያውቀውን፣ ለአንድ ሰው ዐይን ብላ ማበላሸቷ አንጀቷን አሳረራት። ፍርሃቷ ከዚያ በኋላም አልለቀቃትም፤ ንዴቷ ግን በለጠው።

በሦስተኛው ሳምንት ሹሙ ሲመጣ አምስት አዳዲስ እንስራ ጥላ ውስጥ ተደርድሯል፤ ደብሪቱም በርጩማዋ ላይ ናት። እንደ ወጉ ተነሥታ እጅ ነሣችውና ተመልሳ ተቀመጠች።

«ይህ መጨረሻሽ ነው» አላት ሹሙ። «ባተሌ ነሽ ወይስ ቦዘኔ?»

«ሁለቱም አይደለሁም ጌታዬ። ፋታ ላይ ነኝ።»

«እንዲህ የሚል ቃል መዝገቤ ላይ የለም።»

«እንግዲያው መዝገብዎ ጎደሎ ነው።»

ሹሙ ብዙ ልመና፣ ብዙ ለቅሶ፣ ብዙ ጉቦ አይቷል፤ እንዲህ ያለ መልስ ግን ሰምቶ አያውቅም። ምን ብሎ እንደሚጽፍ ግራ ገባው። ስለዚህ በማግሥቱ ሐሙስ ንጉሡ ችሎት ፊት እንድትቀርብ፣ ተዳፋቱም እዚያው እንደሚፈረድበት ነግሯት ሄደ።

ወሬው ከተማውን አዳረሰ። ከሁሉ በላይ ደስ ያለው ጓንጉል የሚባል ሰው ነው። ጓንጉል ከወፍጮ ቤቱ ጥላ ሥር ተጋድሞ የሚውል ሰነፍ ነበር፤ ሐሜት አይደለም፣ ራሱም አይክድም። ሹሙ በሚዞርበት ቀን አካፋ ትከሻው ላይ አድርጎ ስለሚንጎራደድ ግን በመዝገቡ ላይ ባተሌ ተብሎ ተጽፏል። አሁን አካፋውን እንኳ መሸከም የሚያስቀር ቃል ተገኘለት። አራት ጓደኞቹን አስከትሎ ደብሪቱ ግቢ መጣ፣ ምንጣፍ አነጠፈ፣ ጋደም አለ፣ «እኛም ፋታ ላይ ነን፣ አንቺ ነሽ እናታችን» አላት።

«ፋታ ከምን?» አለች ደብሪቱ።

ጓንጉል ምንጣፉ ላይ ተገላበጠ።

«እኔ አምስት እንስራ አብጅቼ ነው የተቀመጥሁት፤ ሲጠነክሩ ደግሞ እነሣለሁ። አንተ ምን ሠርተህ ነው የተጋደምኸው? ምን ልትሠራስ ትነሣለህ?»

ጓንጉል ለመሄድ አልተነሣም። ደብሪቱ የጭቃ ውኃ የሞላውን ገንዳ አነሣችና ምንጣፉ ላይ ገለበጠችው። አምስቱም ተፈናጥረው ተነሡ። ጓንጉል አንቺም ያው ሹም ሆንሽ ብሎ እየተሳደበ ወጣ። ደብሪቱ ገንዳውን ወደ ቦታው መለሰች። ብቻዋን ስትቀር ግን ከሹሙ ይልቅ እነዚህ እንዳናደዷት ተሰማት። ያኛው ቃሏን ሊነጥቃት ነው የመጣው፤ እነዚህ ግን ሊያበላሹባት።

ሐሙስ ደረሰ። ደብሪቱ ጎህ ሲቀድ ያበጀችውን አንድ እንስራ በሳንቃ ላይ ተሸክማ ችሎት ቀረበች። ሹሙ መዝገቡን ዘርግቶ ከሰሳት። ይህች ሴት የተከለከለ ቃል ትናገራለች፣ ግቢዋንም የቦዘኔ መናኸሪያ አድርጋዋለች አለና ጓንጉልን ምስክር ጠራ። ጓንጉል ቂሙ ገና አልበረደለትም ነበር። ጋቢውን ዘርግቶ ቀዩን እድፍ እያሳየ እኔን እንኳ በጭቃ ውኃ ነው ያባረረችኝ ብሎ አቤት አለ። ንጉሡ ይህ ሰው ማን ተብሎ እንደተመዘገበ ጠየቀ። ሹሙ ገጹን ገለጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ባተሌ መሆኑን ተናገረ። ጓንጉልን የሚያውቀው ሕዝብ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ንጉሡ አልሳቀም።

ደብሪቱ የመናገር ተራ ሲደርሳት አንድ ነገር ብቻ ለመነች። ሹሙ መጠበቅ ሥራ አይደለም ብለዋልና ይህን እንስራ ከዚህ አንሥተው ንጉሡ እግር ሥር ያኑሩልኝ አለች። ሹሙ ሁለቱን ጆሮዎች ይዞ ብድግ ቢያደርገው ጆሮዎቹ እጁ ላይ ቀሩ፤ እንስራው ወለሉ ላይ ተዘረጠጠ። ሹሙ ሁለት ቁራጭ ጭቃ ይዞ ቆመ።

ንጉሡ ብልህ ሰው ነበር፤ ነገሩ ገባው። «መልካም» አለ፤ «ቃልሽ መዝገብ ውስጥ ይግባ። ከዛሬ ጀምሮ ሹሙ ሕዝቡን በሦስት ይመዝግብ፤ ባተሌ፣ ቦዘኔ፣ ፋታ ላይ ያለ።»

ሰዉ እልል ሊል ነበር። ደብሪቱ ግን ራሷን ነቀነቀች።

«አይሆንም ጃንሆይ። መዝገብ ውስጥ ከገባ ነገ መጀመሪያ የሚመዘገብበት ጓንጉል ነው። ከነገ ወዲያ ደግሞ ሹሙ ስንት ሰዓት እንደምቀመጥ ሊነግረኝ ይመጣል። ጭቃው መጠንከሩን የሚያውቀው የነካው እጅ ነው።»

የንጉሡ ፊት ጠቆረ። ምሕረት አድርጎ ምሕረቱ የተመለሰበት ጊዜ አልነበረም። ተዳፋትሽን ልታጪ እንደምትችዪ ታውቂያለሽ ወይ አላት። አውቃለሁ አለች። ያን ተዳፋት ማጣት ሞት ሆኖ ይታያት ነበር። «መሬቱን መውሰድ ይችላሉ ጃንሆይ። ቦዘኔም ሆነ ባተሌ ነኝ ብዬ ግን በራሴ ላይ አልመሰክርም» አለች።

ንጉሡ ዙፋኑ ላይ እንደተቀመጠ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዝም አለ። ሹሙ ልማድ ሆኖበት ብዕሩን ነከረና ምን ብዬ ልጻፍ ጃንሆይ ብሎ ጠየቀ።

«ቆይ» አለ ንጉሡ። «እያሰብሁ ነው።»

ደብሪቱ ወደ ሹሙ ዞረች። «ጃንሆይንስ ምን ብለው ሊጽፏቸው ነው ጌታዬ? እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው።»

ሹሙ ብዕሩን አንጠልጥሎ ቀረ። ንጉሡ ጎንበስ ብሎ የገዛ እጆቹን አያቸው። ችኩል ቢሆን ኖሮ ይህችን ሴት ገና ስትቀርብ ፈርዶባት ነበር፤ ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ነገሩን ለሹሙ ትቶ ገብቶ ይተኛ ነበር። ሁለቱንም አላደረገም፤ ላደረገው ነገር ግን በአዋጁ ውስጥ ስም አልነበረውም። ስሙን የከለከለው እሱ ራሱ ነው።

«መዝገቡን ዝጋው» አለ ሹሙን። «ተዳፋቱ የእሷ ነው።»

ደብሪቱ እጅ ነሥታ ወጣች። ወደ ቤቷ ስትሄድ አልሮጠችም፣ መንገድ ላይም አልተጎለተችም። አምስቱ እንስራዎቿ ጠጠር የሚቀበሉበት ሰዓት ደርሶ ነበርና ደርሳ እጅጌዋን ሰበሰበች።

የዚህ ታሪክ ትምህርት ይህ ነው። መሯሯጥ ብቻውን ሥራ አይሆንም፣ መጋደምም ብቻውን ዕረፍት አይሆንም። ዕረፍት የሚባለው ከሥራ መጥቶ ወደ ሥራ የሚመለሰው ነው። ልኩን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ሹሙ ሲያስፈራራችሁ ሥራችሁን አታቃጥሉ፣ ሰነፉ ሲያሞግሳችሁም ምንጣፉ ላይ አብራችሁ አትጋደሙ። አንብባችሁ ስትጨርሱ ይህን ራሳችሁን ጠይቁ፤ ዛሬ ስትሯሯጡ የዋላችሁት ለሥራው ብላችሁ ነው ወይስ ለሚያያችሁ ሰው?