ምንም ላልሆነበት ቀን የተሰጠ ጋቢ

አንድ የኑግ ዘይት የሚያስጨምቁ ባለፋብሪካ ነበሩ፤ አቶ ሰይፈ ይባላሉ። ፋብሪካቸው ወንዝ ዳር፣ ተዳፋት ላይ የተሠራ ስለሆነ ከሁለቱ መጭመቂያዎች አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ተተክሏል። ሠራተኛውም ላይኛውና ታችኛው እያለ ይጠራቸዋል። ማሽኖቹ በአንድ ቀን የተገዙ፣ በአንድ መኪና ተጭነው የመጡ መንትዮች ናቸው።

ላይኛውን ሽብሩ የሚባል ጉልበተኛና ተጫዋች መካኒክ ይጠብቀዋል፤ ታችኛውን አስካለ የምትባል ዝምተኛ ሴት። ሁለቱም ከአንድ የሙያ ትምህርት ቤት የወጡ ናቸው። እውቀታቸው እኩል ነው፤ ማን ይበልጣል ብሎ የሚከራከር ካለ ሥራ የፈታ ሰው ነው።

በዚህ ፋብሪካ አንድ ልማድ ነበር። የተሰበረ ማሽን ሲጠገን ሠራተኛው ሁሉ ግቢው ውስጥ ይሰበሰባል። ሞተሩ እንደገና ሲነሣ ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ ወንዶቹ ያጨበጭባሉ፣ አቶ ሰይፈም ከቢሯቸው አዲስ ጋቢ ይዘው ወጥተው በጠጋኙ ትከሻ ላይ ይደርባሉ። ልማዱን የጀመሩት አባታቸው ናቸው፤ ላቡን ያፈሰሰ ሰው ይከበር ብለው። ደስ የሚል ልማድ ነው፤ ማን ይጠላዋል?

ላይኛው መጭመቂያ ቶሎ ቶሎ ይሰበራል። በተሰበረ ቁጥር ሽብሩ እጅጌውን ሰብስቦ ከሥሩ ይገባና በግራሶ ተለውሶ፣ ጥርሱ ብቻ ነጭ ሆኖ ይወጣል። እልልታው ይቀልጣል። ቤቱ በጋቢ ከመሞላቱ የተነሣ ሚስቱ ለዘመድ ሠርግ ስጦታ ገዝታ አታውቅም ይባላል።

ታችኛው ግን አይሰበርም። ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት አስካለ ራሷ ታቆመዋለች። ክዳኑን ከፍታ የላላውን ብሎን ታጠብቃለች፣ የሳሳውን ቺንጋ ሳይበጠስ ትለውጣለች፣ ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ጠርጋ አዲስ ግራሶ ትቀባዋለች። ከዚያ ዘግታ ታስነሣዋለች። እልል የሚል የለም፤ የተሰበረ ነገር የለማ። አስካለ በዚያ ፋብሪካ በሠራችበት ዘመን ሁሉ ጋቢ የሚባል በትከሻዋ ላይ አርፎ አያውቅም።

የአስካለ ሐሙስ ለአቶ ሰይፈ አይዋጥላቸውም ነበር። ኑግ የጫኑ አህዮች በር ላይ ተሰልፈው ሳለ ደህና የሚሠራ ማሽን ሲቆም እንደ ድፍረት ያዩታል። አንድ ቀን መታገሥ አቃታቸው።

«ጤነኛ ማሽን ለምን ትከፍቻለሽ? ያልታመመ ሰው ሆዱ ይቀደዳል?» አሏት።

«ታሞ ሆዱ እንዳይቀደድ ነው ጋሼ» አለች አስካለ፣ እጇን ሳታቋርጥ።

በዚያ ዓመት ትልቅ ዕድል መጣ። የአካባቢው የገበሬዎች ማኅበር ኑጉን ሁሉ ለአቶ ሰይፈ ሊሰጥ ተስማማ። እሳቸውም የሁዳዴ ጾም ሳይገባ፣ በቅበላ ሳምንት፣ ዘይቱን ለየገበሬው ቤት ሊያደርሱ በአባታቸው ስም ቃል ገቡ። ቃሉ ከታጠፈ ማኅበሩ ኑጉን ይዞ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ኑግ ከሌለ ፋብሪካው የለም፤ ይህን ከባለቤቱ እስከ ዘበኛው ሁሉም ያውቃል።

እንግዲህ አቶ ሰይፈ ተቀምጠው አሰቡ። ጊዜ አጥሯል፤ በሐሙስ ማቆም ቅንጦት ነው። ደግሞስ ለማይሰበር ማሽን መካኒክ ምን ያደርጋል? አስካለን ከመጭመቂያው አንሥተው በር ላይ የኑግ ጆንያ መዛኝ አደረጓት። ታችኛውንም ለሽብሩ ደርበው ሰጡት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው፤ የጣለው ሰው ግን ሲወድቅ አይሰማውም።

አስካለ አልተከራከረችም። ቱታዋን አጥፋ ስታስረክብ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፦ «ጋሼ፣ ማሽኑ ለጊዜው ደህና ይሠራል። የሚሠራው ግን እስከ ትናንት በተደረገለት ነው። እሱን አይተው እንዳይፈርዱ።»

አቶ ሰይፈ ነገሩን እንደ ኩርፊያ ቆጠሩት።

እውነትም ታችኛው ደህና ሠራ። ሐሙስም ሳይቆም ዋለ። ዘይቱ ከወትሮው በለጠ፣ ወሬውም ከተማ ገባ። አቶ ሰይፈ በበሩ ባለፉ ቁጥር አስካለን ይነካኳታል፤ እንዲያውም ሳይነኩት ተሻለው ይሏታል። እሷ ሚዛኗ ላይ እንዳቀረቀረች ቀጣዩን ጆንያ ትመዝናለች። እንዲህ ያለውን ሰው መመለስ ከባድ ነው፤ ማስረጃው ዓይኑ ሥር እየተሽከረከረለት ነዋ።

ከጊዜ በኋላ ታችኛው ሲጢጥ ማለት ጀመረ። ቀጥሎ ቺንጋው ተበጠሰ። ሽብሩ ሮጦ ወርዶ ቀጠለው፤ እልል ተባለ፣ ጋቢ ተደረበ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ቆመ፤ እንደገና እልልታ፣ እንደገና ጋቢ። አቶ ሰይፈ ሽብሩ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር እያሉ ላገኙት ሁሉ ያወራሉ። ሠራተኛው በበኩሉ ታችኛውን ቡዳ በልቶታል አለ፤ አይሰበርም አይሰበርም ተብሎ በሰው አፍ ገብቶ። የሰፈሩ ቄስ ተጠርተው ጸበል ረጩ። ሊወጡ ሲሉ ቆም ብለው ጆሯቸውን ወደ ማሽኑ አዘነበሉ።

«ጸበሉ የድርሻውን ይሠራል ልጆቼ» አሉ። «ይህ ሲጢጥ የሚለው ግን ቡዳ አይመስለኝም፤ የደረቀ ነገር ነው።»

ሁሉም ሳቀ፤ አቶ ሰይፈም ሳቁ። ማንም ክዳኑን አልከፈተም።

የቅበላ ሳምንት ገባ። ኑጉ ገና አልተጋመሰም። አንድ ጠዋት ላይኛው ሲቆም ሽብሩ ከሥሩ ገባ። እዚያው እንደ ተጋደመ ከታች ብረት ከብረት ሲፋጭ ተሰማ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። ሁለቱም መጭመቂያዎች ቆሙ። ሰው ሁሉ ወደ ሽብሩ ጮኸ፤ ሽብሩ ግን አንድ ነው። ከማሽኑ ሥር ጭንቅላቱን ብቻ አውጥቶ አስካለን ጥሯት አለ።

አቶ ሰይፈ ራሳቸው ወደ በሩ ሄዱ። አስካለም ሚዛኑን ትታ ተከተለቻቸው። ታችኛውን ከፈተችው። ኩሽኔታው ከመድረቁ የተነሣ ተሰነጣጥቆ መዳፏ ላይ ረገፈ። ዘንጉን በጣቷ ዳሰሰችው፤ ተበልቷል። አስካለ አለቀሰች። ለማሽንም ይለቀሳል እንዴ ብለው የተገረሙ ነበሩ።

«ጋሼ፣ ይህን ዛሬ ማንም አያድነውም» አለች። «ዘንጉ ከሩቅ አገር ነው የሚመጣው። በአንድ እፍኝ ግራሶ የሚድን ነበር።»

ላይኛው በማግስቱ ቀትር ላይ ተነሣ። ሠራተኛው ከልማዱ አልወጣም፤ እልል አለ። አቶ ሰይፈም ፊታቸው እንደ ጠቆረ ጋቢውን ይዘው መጡ። ሽብሩ ግን እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ።

«ይቅርብኝ ጋሼ። ላይኛው የሚሰበረው በእኔ እጅ ስለሆነ ነው እንጂ እርጉም ስለሆነ አይደለም። ክፉ አላሰብኩም። ግን ድምፁ ሲለወጥ እሰማና ይቆይ እላለሁ። ቢሰበርስ? ቢሰበር እኔ ነኝ የምጠግነው፤ እናንተም እልል ትላላችሁ። አስካለ ከእኔ እኩል ለፋች፤ የእሷ ማሽን ሲሰበር ስላልታየ ብቻ በር ላይ ተጣለች።»

ሽብሩ እንዲህ ሲናገር ሰምቶት የሚያውቅ አልነበረም። አቶ ሰይፈ ጋቢውን በክንዳቸው ላይ እንደ ያዙ ወደ ቢሯቸው ተመለሱ።

ቃሉ ታጠፈ። አንዱ መጭመቂያ ሌት ተቀን ቢሠራም አልደረሰም። አቶ ሰይፈ የነበረውን ዘይት ለገበሬዎቹ አከፋፈሉ፤ ለየቤቱ ግማሽ ግማሹ ብቻ ደረሰ፤ ለራሳቸው ቤት ጠብታ አልተረፈም። የሁዳዴ የመጀመሪያው ሰኞ ዘይት የሌለው ሽሮ በሉ፤ የዘይት ፋብሪካው ባለቤት። የማኅበሩ ሊቀ መንበር መጥተው አልተቆጡም። በአባትዎ ስም ነበር የነገሩን፤ ቀሪውን ኑግ ወደ ሌላ እንወስዳለን፤ ለከርሞም አንድ ጊዜ እንሞክርዎታለን፣ ከዚያ ወዲያ ግን የለም ብለው ሄዱ። አቶ ሰይፈ ቢሰደቡ ይሻላቸው ነበር።

በዚያው ሳምንት ወደ አስካለ ሄደው ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ለመኗት። ደመወዝ ይጨምሩልኝ አላለችም። የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፤ ሐሙስ ጠዋት፣ አህዮቹ እስከ ድልድዩ ቢሰለፉ እንኳ፣ ታችኛው የእሷ እንዲሆን። ሽብሩም ለላይኛው ማክሰኞን ጠየቀ። አቶ ሰይፈ ለሁለቱም እሺ አሉ፤ ለታችኛውም አዲስ ዘንግ አስመጥተው አስካለ ገጠመችው። የመጀመሪያዎቹን ማክሰኞና ሐሙስ ግን ከፋብሪካው ርቀው ዋሉ፤ የቆመ ማሽን ማየት አልቻሉማ። ሰው በአንድ ቀን አይለወጥም።

ዓመቱ ዞረ። ማኅበሩ እንዳለው ኑጉን አመጣ። ቅበላ ደረሰ፤ የመጨረሻው ጀሪካን ተሞልቶ ወጣ። ሊቀ መንበሩም የአቶ ሰይፈን እጅ ጨብጠው ለከርሞ በሰላም ያገናኘን ብለው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ አቶ ሰይፈ ሠራተኛውን ሁሉ ግቢው ውስጥ አስጠሩ። ሰው እየተሯሯጠ መጣ፤ የተሰበረ ነገር አለ ብሎ። ሁለቱም መጭመቂያዎች ግን ተረጋግተው ይሠራሉ። አቶ ሰይፈ ሁለት ጋቢ ይዘው ቆመዋል። ማጨብጨቡን የት መጀመር እንዳለበት ያወቀ የለም፤ ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ።

እልልታ በመጀመር የሚታወቁት እማማ ጥሩነሽ፣ የኑግ አበጣሪዋ፣ አላስቻላቸውም።

«ምን ተሰበረ?» ብለው ጠየቁ።

«ምንም» አሉ አቶ ሰይፈ።

«ታዲያ ለምኑ ነው እልል የምንለው?»

«ለእሱ ነው እማማ።»

እማማ ጥሩነሽ ትንሽ አሰቡ። ከዚያ የማሽኖቹ ድምፅ እስኪዋጥ ድረስ እልል አሉ። አቶ ሰይፈ የመጀመሪያውን ጋቢ በአስካለ ትከሻ ላይ ደረቡ። ሁለተኛውን ሽብሩ ጎንበስ ብሎ ተቀበለ፤ በዓመቱ ያገኘው ይህን ብቻ ነው። ሚስቱ ዘንድሮ የሠርግ ስጦታ መግዛት ጀምራለች አሉ።

ወዳጄ፣ ሳይቃጠል በቅጠል እያልን ያደግን ሰዎች ነን። ተረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ጋቢውን ግን የምናለብሰው እሳት ላጠፋው ብቻ ነው። እሳቱ እንዳይነሣ ያደረገውን ሥራ ፈት እንለዋለን፣ እንዲያም ሲል ከቦታው እናነሣዋለን። ሰውም ብልህ ነው፤ የምናከብረውን አይቶ እሱኑ ያበዛልናል። መሰበርን ካከበርን ስብራት፣ መጠበቅን ካከበርን ደህንነት ይበዛልናል። ነገሩ የፋብሪካ ብቻ አይደለም፤ በትዳርም፣ በመሥሪያ ቤትም፣ በአገርም ያው ነው።

እስቲ ዛሬ ቤትህንና ሥራህን ዞር ብለህ እይ። ምንም ሳይሆን የዋለው በማን እጅ ነው? ጋቢውስ የታለ?