ቦታውን የወደደ ጌጅ

አቶ ወሰንየለህ የሚባሉ አንድ የወረዳ አስተዳዳሪ ነበሩ። ከአባታቸው በወረሷት አሮጌ መኪና ላይ አዲስ ሞተር አስገጠሙና፣ በልጃቸው ሠርግ ዕለት ሊወስዷት ጋራዥ መጡ።

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ጌታዬ፣ ዛሬ አይሆንም። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የድሮ ጌጅ ከአዲሱ ሞተር ሴንሰር ጋር ገና አልተግባባም። የሞተሩን ሙቀት በትክክል አያሳይም። ሁለት ቀን ይስጡኝ» አላቸው።

አስተዳዳሪው መሪውን እንደጨበጡ፣ «በእኔ ፊት አይሆንም አይባልም! ክፉ ወሬ የሚነግረኝን ሰው ከቦታው ነው የማነሳው!» ብለው ጮኹና እየነዱ ሄዱ።

ሙሽራዋን ልጃቸውን ይዘው አንድ ዳገት መሀል ሲደርሱ ሞተሩ ፈላ። ሙሽራዋ ቬሎዋን ሰብስባ ዳገቱን በእግሯ ጨረሰችው፤ አጃቢውም እየዘፈነ ተከተላት።

በማግስቱ መኪናዋ በገመድ ተጎትታ ጋራዥ ገባች። አቶ ወሰንየለህ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አንተ! ሞተሩ እንደ ሽሮ ሲንተከተክ ይሄ ጌጅ ቀዝቃዛ ነው ይለኛል። ለምን አልነገረኝም? በቂ መልስ ከሌለህ ጋራዥህን ዛሬውኑ አሽገዋለሁ!» አሉ።

መካኒኩ በመስኮቱ አጎንብሶ ጌጁን አየት አደረገና እንዲህ አለ፦

«ጌታዬ፣ ትናንት ሲቆጡ እኔ ውጭ ቆሜ ነበር፤ እሱ ግን አፍንጫዎ ሥር ነበር። እኔ ምላሰኛው እንኳ ደንግጬ ዝም አልኩ። እሱማ እንደ ቢሮዎ ሰዎች ከቦታዬ እነሳለሁ ብሎ ፈርቶ፣ እስከ ዳገቱ ድረስ ‹ሁሉም ሰላም ነው› ሲልዎት ሄደ።»